ባቡሩን ማን አጠፋው?

እሑድ ጠዋት የአዳራሹ በር ሲከፈት ሐዲዱ በቦታው ነበር። ባቡሩ ግን የለም።

ጣቢያው አለ። ድልድዩ አለ። ከጥጥና ከሙጫ የተሠራው ተራራም አለ። ሕዝቡ ሳምንቱን ሙሉ ተሰልፎ ሲያየው የከረመው ባለ ስድስት ፉርጎ ባቡር ብቻ ከመካከላቸው ወጥቶ ሄዷል።

እያንዳንዱ ፉርጎ የክንድ ያህል ይረዝም ነበር። ገላው ብርማ፣ መስመሩ ብርቱካናማ። ጃፓን ውስጥ ከናጎያ ወደ ናጋኖ በተራሮች መካከል የሚሮጠው የ«ሺናኖ» ፈጣን የኤሌክትሪክ ባቡር አምሳያ ነው። ኩርባ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን አይቀንስም። እንደ ብስክሌት ነጂ ወደ ውስጥ ዘንበል ይልና ያልፋል። ፎርት ዎርዝ በተዘጋጀው የትራንስፖርት ኤግዚቢሽን ላይ ከእውነተኞቹ አውቶቡሶችና ከሄሊኮፕተሩ ይልቅ ሰው የሚሻማው እሱን ለማየት ነበር።

በሩ አልተሰበረም። መስኮት የለም። ቁልፉ ያለው ሦስት ሰው እጅ ነው።

ሰኞ ምሽት ፖሊስ ከሦስቱ አንዷን ከሰሰ። ተከሳሿ አምናለች ተባለ።

ማክሰኞ ጠዋት ጉዳዩ ታዲዮስ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። በፈረንጆቹ 1996 ኦክቶበር ነው። ታዲዮስ ዳላስ ውስጥ ላለ የኢንሹራንስ ድርጅት የጠፋና የተሰረቀ ንብረት የሚያጣራ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነበር። ከኢትዮጵያ በሱዳን አድርጎ የመጣው በልጅነቱ ነው። ድምፁን አያነሳም፤ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ መጠበቅ ይችላል። በሥራው ላይ ይህ ከመኪናም በላይ ይጠቅመው ነበር።

አለቃው አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ነገረው። ተከሳሿ የአዳራሹ ጠባቂ ናት፤ እሷ ሰርቃ ከሆነ የሚከፍለው የጥበቃው ድርጅት እንጂ እነሱ አይደሉም። ስለዚህ ብዙ መድከም አያስፈልግም።

ታዲዮስ የተከሳሿን ስም አነበበ። ጥሩወርቅ ይላል።

መኪናውን አስነስቶ ፎርት ዎርዝ ሄደ።

* * *

ጉዳዩን የያዘው መርማሪ ሳጅን ሮይ ማኬና ሲጋራ ካቆመ ወዲህ የጥርስ ስንጥር የሚያኝክ፣ ቁመተ ረጅም የቴክሳስ ሰው ነው።

«ቀላል ነገር ነው» አለ። «ራሷ አምናለች።»

«ምን ብላ?»

ማኬና በእንግሊዝኛ የተተየበውን ገጽ አንስቶ አነበበ። «ጥያቄ፤ ባቡሩን ማን ወሰደው? መልስ፤ እኔ ነኝ የሰወርኩት። ጥያቄ፤ ማን አዘዘሽ? መልስ፤ ማንም አላዘዘኝም፣ ልማዴ ነው። ጥያቄ፤ ከዚህ በፊትም አድርገሽዋል? መልስ፤ ሁልጊዜ። አንድም ቀን ትቼ አላውቅም።»

ታዲዮስ ገጹን ተቀብሎ ራሱ አነበበው።

«ብዙ ሌባ አናግሬአለሁ» አለ ማኬና። «እንዲህ በኩራት ያመነ ግን አላየሁም።»

«ባቡሩስ የት ነው አለች?»

ማኬና ስንጥሩን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረ። «እሱ ነው የሚያናድደው። የት አለ ስንላት ‹ሐዲዱ ላይ› ነው የምትለው።»

«ስድስት ፉርጎ በእጅ ቦርሳ ይገባል?»

«ትልቅ ቦርሳ ይዛ ነበር ተብሏል።»

«ማን ነው ያለው?»

«አለቃዋ። ሲወጡ ቦርሳ የሚፈትሸው እሱ ነው። ፍቅሩ ይባላል። ያስተረጎመልንም እሱ ነው፤ ያንተው አገር ሰው። ጨዋ ሰው ነው። ሲያስተረጉም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።»

«ድምፁ ተቀድቷል?»

«ተቀድቷል። ካሴቱ ግን ዕቃ ክፍል ገብቷል። እስኪወጣልህ ሐሙስ ይሆናል።» ማኬና ቀና ብሎ አየው። «ምነው፣ ዘመድህ ናት?»

«አይደለችም። አላውቃትም።»

* * *

ወይዘሮ ጥሩወርቅ በዋስ ተለቀው ቤታቸው ናቸው። የሚኖሩት ጋርላንድ፣ ፎቅ ላይ ባለ አፓርታማ ውስጥ ነው። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈት አድርገው በአንድ ዓይን አዩት። ሃምሳ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል።

«ከኢሚግሬሽን ነህ?»

«አይደለሁም እትዬ። ከኢንሹራንስ ነኝ።»

«ሐበሻ ደግሞ ኢንሹራንስ ምን ይሠራል?»

«እንደ ሁሉም ሰው ላለመክፈል ይከራከራል።»

ሳቃቸው አመለጣቸው። ሰንሰለቱን ፈቱት።

ቤቱ ጨለም ብሏል። ከአንድ መብራት በቀር የበራ የለም። ጠረጴዛው ላይ ለዜግነት ፈተና የሚያጠኑባቸው ካርዶች ተደርድረዋል። ቀጠሯቸው ለሚመጣው ወር ነው። ካርቱም የቀረች ዜማ የምትባል ልጅ አለቻቸው። እሳቸው ዜግነት ካገኙ ልጅቷን ቶሎ ያመጧታል። በስርቆት ከተፈረደባቸው ግን ዜግነቱ ይቀራል፤ ምናልባት እሳቸውም ከአሜሪካ ይባረራሉ።

«ሥራውስ ይቅር» አሉ። «ዜማን ምን እላታለሁ? እናትሽ መጫወቻ ባቡር ሰርቃ ልላት ነው?»

«እትዬ፣ ለፖሊስ ባቡሩን ወሰድኩ ብለዋል?»

«እኔ? አፌ ይሰበር!»

«እሺ፣ ምን ነበር ያሉት? ቃል በቃል ይንገሩኝ።»

«ፍቅሩ ‹ባቡሩን ማነው ያጠፋው?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹እኔ ነኝ ያጠፋሁት› አልኩት። ሌላ ምን ልበል? እኔ ነኝ እኮ ያጠፋሁት!»

ታዲዮስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንዴት አድርገው ነው ያጠፉት?»

«በቀዩ ቁልፍ ነዋ!» አውራ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ተጫኑ። «ያ ጃፓኑ ሰውዬ ሁልጊዜ ይረሳዋል። ሳያጠፋው ይሄዳል። ሰው በሌለበት አዳራሽ ብቻውን ሲዞር ያሳዝነኛል፤ ይቃጠላል ብዬም እፈራለሁ። ስለዚህ ስወጣ እኔ ነኝ የማጠፋው። ማንም አላዘዘኝም። ልማዴ ነው። እዚህ ቤትም እንደዚሁ ነኝ፤ የበራ ነገር ዝም ብዬ አላልፍም።»

«ካጠፉት በኋላስ?»

«ቆመ። ሐዲዱ ላይ። ትቼው ወጣሁ።»

ታዲዮስ የተተየበውን ገጽ በሐሳቡ እንደገና አነበበ። አንድ ቃል ብቻ ነው። መብራትም ይጠፋል፣ ዕቃም ይጠፋል። ማኬና «ማን ወሰደው?» ሲል ፍቅሩ «ማነው ያጠፋው?» ብሎ ጠየቀ። ሴትዮዋ ስለ ቀዩ ቁልፍ መለሱ። ፍቅሩ ስለ ስርቆት ተረጎመ።

«ፍቅሩን ደግሞ እንዳትወቅስብኝ» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ፊቱን አይተው። «ደንግጦ ነው። ሴት ልጁን ክርስትና ያነሳሁ እኔ ነኝ። ሥራ ያስገባኝም እሱ ነው። እንዲያውም ሊያልፍለት ነው። ሌዊስቪል አንድ ትልቅ መጋዘን የጥበቃውን ኮንትራት ሊሰጠው ነው። የራሱን ድርጅት ሲያቆም መጀመሪያ የምቀጥረው እርስዎን ነው ብሎኛል።»

* * *

ታዲዮስ በማግስቱ ሌሎቹን ሁለት ባለ ቁልፎች አነጋገረ።

መጀመሪያ ሞሪካዋን። ባቡሩን ከናጎያ ይዞ የመጣ መሐንዲስ ነው፤ ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ በአርባዎቹ መጀመሪያ ያለ። ታዲዮስ የጠረጠረው እሱን ነበር። ሆቴሉ ውስጥ ቅዳሜ ማታ አንድ ግዙፍ ሻንጣ እየጎተተ ሲገባ የበሩ ሠራተኛ አይቶታል።

«ሻንጣውን ማየት እችላለሁ?» አለ ታዲዮስ።

ሞሪካዋ ፊቱ ቀላ። ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎትቶ ከፈተው። ውስጡ የካውቦይ ቦት ጫማ ነው። አምስት ጥንድ።

«ለባለቤቴ፣ ለወንድሞቼ፣ ለአለቃዬ» አለ። «የአለቃዬ ይጠበዋል ብዬ እፈራለሁ።»

ከዚያ አብረው ወደ አዳራሹ ሄዱ። ሞሪካዋ ባዶውን ሐዲድ በጣቱ እየተከተለ አስረዳው።

«የድሮዎቹ ዘንበል የሚሉት ኩርባው ሲጎትታቸው ነው። ይዘገያሉ፤ መንገደኛውን ያቅለሸልሸዋል። አዲሱ ግን መንገዱን በቃሉ ያውቃል። ኩርባው ከመድረሱ በፊት ይዘጋጃል። ሰው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሻዩ አይፈስበትም።»

«ይሄ ትንሹም ያውቃል?»

«የፊተኛው ፉርጎ ውስጥ የጥፍር ያህል ነገር አለ። ከጣቢያው ከተነሳ ጀምሮ የመንኮራኩሩን ዙር ይቆጥራል። እዚህ ሲደርስ ወደ ግራ፣ ተራራው ጋ ወደ ቀኝ፣ ድልድዩ ላይ ቀጥ።» ሞሪካዋ ፈገግ አለ። «ናጎያ ያስተማርነው ሌላ ሐዲድ ነበር። እዚህ አምጥተን እንደገና እስክናስተምረው እንደ ሰካራም ሲወዛወዝ ነበር።»

«ስንት ነው የሠራችሁት?»

«ሦስት። ሁለቱ ናጎያ ናቸው።»

«ቅዳሜ ሲወጡ ባቡሩን አጥፍተው ነበር?»

ሞሪካዋ አሰበ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። «አላጠፋሁትም። ሁልጊዜ እረሳዋለሁ። ጠዋት ስመጣ ግን ጠፍቶ ነው የማገኘው። ሴትዮዋ ይመስሉኛል። አመሰግናለሁ ለማለት ቋንቋ አልነበረኝም።»

ፍቅሩን ያገኘው ፓርኪንጉ ላይ፣ መኪናው ውስጥ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ ፈጣን።

«ኦ ታዲዮስ! ስምህን ሰምቻለሁ። ሶ፣ ምን ልርዳህ?»

ታዲዮስ ስለ ቃሉ ነገረው። ፍቅሩ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ወይኔ! ማለቴ፣ አየህ፣ ሁለት ቋንቋ ጭንቅላትህ ውስጥ ሲጋጭ! ፈረንጁ ‹ማን ወሰደው› ሲለኝ፣ እትዬን ‹ሰርቀዋል ወይ› ብዬ መጠየቅ አፈርኩ። የልጄ ክርስትና እናት ናቸው እኮ። ለስለስ ላድርገው ብዬ ‹ማነው ያጠፋው› አልኩ። ከዚያ እሳቸው ‹እኔ ነኝ› ሲሉኝ ደርቄ ቀረሁ።»

«ሊሆን ይችላል» አለ ታዲዮስ።

«ዛሬውኑ ኮል አደርግላቸውና አስተካክላለሁ። ፕሮሚስ። እትዬ በኔ ምክንያት? በጭራሽ!»

ታዲዮስ አመነው። እንዲህ ያለውን ስህተት የማይሠራ ሐበሻ የለም፤ እሱም ሠርቶት ያውቃል። ልጅ ሳለ ለጎረቤቱ ሐኪም ፊት ሲያስተረጉም «ምግብ አልረጋልኝ አለ» ያሉትን «ምግቡ ተቆጥቶ አልረጋጋ አለኝ» ብሎ ሐኪሙን አስቆ ነበር።

* * *

ሐሙስ ካሴቱ ወጣ።

ማኬና ማጫወቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቁልፉን ተጫነ።

«በነገራችን ላይ» አለ ታዲዮስ፣ «ፍቅሩ ደውሎልህ ነበር?»

«ማንም አልደወለልኝም።»

ካሴቱ ተንሿሿ። የማኬና ድምፅ በእንግሊዝኛ «ቅዳሜ ማታ የአዳራሹን መብራት ማን እንዳጠፋው ጠይቃት» አለ።

የፍቅሩ ድምፅ፤ «እትዬ፣ ቅዳሜ ማታ የአዳራሹን መብራት ማነው ያጠፋው?»

የወይዘሮ ጥሩወርቅ ድምፅ፤ «ውይ፣ አንተው ነህ እንጂ ያጠፋኸው! እኔ ሌሎቹ ጠባቂዎች መኪና ውስጥ ስለሚጠብቁኝ ቀድሜ ወጣሁ አይደል?»

ፍቅሩ በእንግሊዝኛ፤ «መብራቱን ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ነው የምትለው። ዋናው ማብሪያ ያለው ኮሪደሩ ላይ ነው፣ የሱፐርቫይዘር ሥራ ነው።»

ቀጥሎ የማኬና ድምፅ፤ «ባቡሩን ማን ወሰደው?»

ፍቅሩ፤ «ባቡሩንስ ማነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

በካሴቱ ላይ አጭር ዝምታ አለ። ከዚያ የፍቅሩ እንግሊዝኛ፣ ዝግ ብሎ፣ በሐዘን፤ «የሰወርኩት እኔ ነኝ ነው የምትለው።»

ታዲዮስ እጁን ዘርግቶ ማጫወቻውን አቆመ።

«ምንድን ነው?» አለ ማኬና።

«መልሰው። ከመብራቱ ጀምር። ‹አጠፋ› የሚለውን ድምፅ ብቻ አዳምጥ።»

ማኬና አማርኛ አያውቅም። ግን ጆሮ አለው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያዳምጥ ስንጥሩን ከአፉ አወጣ።

«አንድ ቃል ነው» አለ።

«አንድ ቃል ነው። መብራቱ ላይ በትክክል ተረጎመው። ባቡሩ ላይ ሲደርስ ለወጠው። ተሳስቶ ቢሆን ሁለቱም ላይ በተሳሳተ፣ ወይም ‹ምን ማለትዎ ነው?› ብሎ በጠየቃቸው ነበር። ሌላም አለ። ‹ቀድሜ ወጣሁ› ያሉትን ጨርሶ አልተረጎመልህም።»

ማኬና ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። «ስለዚህ መጨረሻ የወጣው እሱ ነው።»

«ቦርሳ የሚፈትሸውም እሱ ነው። የሱን የሚፈትሽ የለም።»

«ይህ ግን ባቡሩን አያስገኝም» አለ ማኬና። «ዳኛ ፊት ሄጄ ስለ አማርኛ ግስ ልከራከር?»

ልክ ነበር። ታዲዮስ ስልኩን ተውሶ ጋርላንድ ደወለ።

«እትዬ፣ ያ የሌዊስቪሉ የመጋዘን ባለቤት፣ ከፍቅሩ ጋር የት ነው የተዋወቁት?»

«ሀርፐር? እዚያው ነዋ፣ ባቡሩ ጋ። ሦስት ቀን ሙሉ እየመጣ አፉን ከፍቶ ሲያይ ይውል ነበር። ፍቅሩ ነው ከገመዱ አልፎ እንዲጠጋ የፈቀደለት። ቤቱም የባቡር መዓት አለው አሉ…» ድምፃቸው ቆመ።



«ታዲዮስ።»

«አቤት እትዬ።»

«እኔ ምንም አላልኩህም።»

ስልኩ ተዘጋ።

* * *

ዌንዴል ሀርፐር የስጦታ ዕቃ ለመደብሮች የሚያከፋፍል ወፍራም፣ ደስተኛ ሰው ነበር። በመጋዘኑ ጀርባ፣ ከካርቶን ክምር ኋላ፣ አንድ ሙሉ ክፍል ለባቡሮቹ ሰጥቷል። ሐዲዱ ግድግዳውን ተከትሎ የሜዳውን ምድር የመሰለ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነው፤ እንደ ቴክሳስ ራሱ።

«ከኢንሹራንስ ነኝ» አለ ታዲዮስ። «ሳጅን ማኬና ደግሞ ከፖሊስ ነው። የጃፓን ባቡር እየፈለግን ነው።»

ሀርፐር አልደነገጠም። ጨርቅ ገለጠ። ስድስት ብርማ ፉርጎ፣ ብርቱካናማ መስመር።

«ስለ ስርቆቱ ሰምቻለሁ» አለ። «ያሳዝናል። ይሄ ግን ያ አይደለም። ሦስት ናቸው፤ ይህ ናጎያ ከቀሩት አንዱ ነው። ከመሐንዲሱ ጋር የሚቀራረብ ሰው ነው ያስመጣልኝ።»

«ማን?»

«ፍቅሩ። የጥበቃ ሰው ነው። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ለኔ ይሠራል።»

«መቼ አመጣልዎት?»

«እሑድ።»

«ከጃፓን? እሑድ?» አለ ማኬና።

ሀርፐር ጨርቁን በእጁ ጠቀለለ። ሊጠይቀው ይገባ የነበረውን ጥያቄ አሁን ገና የሰማው ይመስላል፤ ወይም እንዲህ መምሰል ፈለገ።

«ሲሄድ ማየት እንችላለን?» አለ ታዲዮስ።

ሰውዬው ፊቱ በራ። ባቡር የሚሰበስብ ሰው ይህን ጥያቄ እምቢ ማለት አይችልም። «ታያላችሁ፤ ግን ጤና የለውም። ገና ሲመጣ ጀምሮ ታሟል። ሳምንቱን ሙሉ ልጠግነው ስታገል ነበር።»

ፉርጎዎቹን ከመነሻው ላይ ደረደረና ኤሌክትሪኩን ለቀቀ።

ባቡሩ ተነሳ። ጥቂት ሄደ። ቀጥ ባለው ሐዲድ ላይ፣ ምንም በሌለበት፣ ወደ ግራ ዘንበል አለ።

«አያችሁ?» አለ ሀርፐር።

ባቡሩ ቀና አለ። ከዚያ ወደ ቀኝ አዘነበለ፤ ብዙ ርቀት እንደተንጋደደ ሄደ። እንደገና ቀና አለ።

ታዲዮስ ለማኬና አንገቱን ነቀነቀለት። ማኬና ወጥቶ መኪናው ውስጥ የሚጠብቀውን ሞሪካዋን ጠርቶ መጣ።

ሀርፐር መሐንዲሱን ሲያይ እጁ ማብሪያው ላይ ቀረ።

«አቶ ሞሪካዋ» አለ ታዲዮስ፣ «እባክዎ ጀርባዎን ለባቡሩ ይስጡ። አይዩት። ሲነሳ እነግርዎታለሁ።»

ሞሪካዋ ወደ ግድግዳው ዞረ። ባቡሩ ወደ መነሻው ተመለሰ።

«ተነሳ» አለ ታዲዮስ።

ሞሪካዋ ዓይኑን ጨፈነ። ጣቱ በአየር ላይ ይሄድ ጀመር፤ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ሐዲዱን እንደተከተለው።

«ከጣቢያው መውጫ… ግራ።»

ባቡሩ ወደ ግራ አዘነበለ።

«ተራራው… ቀኝ። ረጅም ነው። ገና ነው። ገና ነው። አሁን ቀና።»

ባቡሩ ቀና አለ።

«ድልድይ፣ ቀጥ። ከድልድዩ በኋላ ግራ፣ ወዲያው ቀኝ።»

ግራ። ወዲያው ቀኝ።



«አልታመመም ጌታዬ» አለ ማኬና ለሀርፐር። «ፎርት ዎርዝ ያለ መስሎት ነው።»

* * *

ፍቅሩ ዓርብ ከሰዓት ተያዘ። መካድ ጀምሮ ነበር። ማኬና የሀርፐርን ቃል ሲያነብለት ተወው።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ክሱ መነሳቱን የሚገልጸውን ወረቀት ሊወስዱ ፖሊስ ጣቢያ መጥተዋል። ማኬና ወረቀቱን ሰጣቸው። ለዜግነቱ ቀጠሮ የሚያስፈልጋቸው እሱ ነው። አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ፍቅሩን ማየት እፈልጋለሁ አሉ።

መስኮት የሌለው ትንሽ ክፍል ነው። ፍቅሩ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። የተተኮሰው ሸሚዝ ተጨማድዷል። ቀና ብሎ አላያቸውም።

ታዲዮስ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። «ለምን?» አለ፣ በአማርኛ።

«ሀርፐር ‹እንዲህ ያለ ባቡር ያመጣልኝ ሰው የመጋዘኖቼን ጥበቃ ሁሉ እሰጠዋለሁ› አለኝ። ቀልዱን ነበር መሰለኝ። እኔ አልቀለድኩም።» ፍቅሩ ትከሻውን ነካ። «ስምንት ዓመት የሰው ባጅ እዚህ ላይ ሰፍቼ ኖርኩ። አንድ ቀን የራሴ ስም ይሰፋ ብዬ ነው። ሀርፐር ሰባት መጋዘን አለው። ሠላሳ ሰው እቀጥር ነበር። እትዬንም እቀጥር ነበር።»

«ታዲያ ለምን እሳቸው ላይ?»



«አይታሰሩም ብዬ ነው። ማለቴ፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ መጫወቻ ነው፣ ይለቋቸዋል ብዬ። ሰኞ ዕለት ፖሊሱ እንዳስተረጉም ሲጠራኝ አስቤ አልነበረም። ስለ መብራቱ ሲመልሱ ነው ቃሉን የሰማሁት። አፌ ላይ መጣ። እሳቸው ደግሞ… ቋንቋ የላቸውም።»

«ቋንቋማ አለኝ» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

ድምፃቸውን አላነሱም።

«ቋንቋ አለኝ ፍቅሩ። በቋንቋዬ ነው የመለስኩልህ። አንተ ነህ የሸጥከው።»

ፍቅሩ ከወንበሩ ወርዶ በጉልበቱ ተንበረከከ። ማኬና እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ፤ ታዲዮስ በዓይኑ ከለከለው።

«እትዬ፣ አጥፍቻለሁ።»

ማኬና ቃሉን ለየው። ካሴቱን ደጋግሞ ሰምቶታል።

«ደግሞ መጣ ያ ቃል» አለ። «አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ ነው የሚለው? መብራት ነው ወይስ ባቡር?»

ታዲዮስ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ክንዱን ያዙት።

«በደንብ ተርጉምለት» አሉ። «እንዳትጨምር። እንዳትቀንስም።»

ታዲዮስ ጥቂት አሰበ።

«አንዱንም አይደለም» አለ በእንግሊዝኛ። «‹በደልኩ› ነው የሚላቸው።»

«እሷስ ምን አለች?»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቀረብ አሉ። ጎንበስ ብለው የፍቅሩን ግንባር ለቅጽበት በመዳፋቸው ነኩት። ‹እግዜር ይማርህ› ማለት ይሁን፣ የክርስትና ልጃቸውን አደራ መቀበል ይሁን፣ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ታዲዮስ ተከተላቸው።

ኮሪደሩ ላይ ጥቂት እንደሄዱ ከኋላቸው፣ ከዚያ መስኮት ከሌለው ክፍል፣ የማኬና ጩኸት ተሰማ። ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ሆኗል።

«ሄይ! ማን ነው ያጠፋው?»

ታዲዮስ ቆመ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቀሩ።

ተመልሶ በሩ አጠገብ ያለውን ማብሪያ ተጫነ። ማኬና ፍቅሩን በክንዱ ይዞ፣ ዓይኑን እያርገበገበ ቆሟል።

«ምንም አይደለም» አለው ታዲዮስ። «ልማዳቸው ነው።»